ምዕራፍ 7፦ አጥሩን የነኩ ልጆች

ጊዜው ጥር 1996 ነው፤ በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ፣ በዴንቨር ከተማ መካነ አራዊት ኮሞዶ ድራጎኖች ለሕዝብ ዕይታ ቀርበው ነበር። ኮሞዶ ድራጎን በኢንዶኔዥያ ደሴቶች የሚኖር፣ በዓለም ካሉት እንሽላሊቶች ሁሉ የሚገዝፍ፣ አድጎ እስከ 3 ሜትር ሊረዝም የሚችል አውሬ ነው። ይህን የመሰለ ፍጥረት በቅርብ ማየት ለማንም ልጅ ትልቅ ነገር ነው። በእንስሶቹና በተመልካቹ መካከል የእንጨት አጥር ነበረ።

ከጉብኝቱ በኋላ ልጆች መታመም ጀመሩ። ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ። ነገሩን የመረመሩት የጤና ባለሙያዎች ከጎብኚዎቹ መካከል 39 ሕሙማን አገኙ። ግማሾቹ 7 ዓመትና ከዚያ በታች ነበሩ። መርማሪዎቹ መጀመሪያ ሊያውቁት የፈለጉት ማን እንሽላሊቱን እንደነካ ነው። ከታመሙት ግን አንድም ሰው ኮሞዶውን የነካ አልተገኘም። የነኩት አጥሩን ነው። ከሕሙማኑ 83 በመቶው አጥሩን በእጃቸው ይዘውት ነበር፤ ካልታመሙት ጎብኚዎች አጥሩን የነኩት 52 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሕሙማኑ፣ ከአንዱ ኮሞዶና ከአጥሩ እንጨት የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ተመሳሳይ ባክቴሪያ ተገኘበት፤ ሳልሞኔላ። እንስሳው የራሱን ኩስ ይረግጣል፣ በዚያው እግሩ አጥሩን ይነካል፣ ልጁ አጥሩን ተደግፎ ያያል፣ ከዚያ በዚያው እጁ ብስኩት ይበላል። መንገዱ ይኸው ነው። እዚያው መካነ አራዊት ውስጥ እጃቸውን የታጠቡት ግን የመታመም ዕድላቸው እጅግ ያነሰ ነበር።

ስለ ተሳቢ እንስሳት ንጽሕና የሚጻፍ ሁሉ በዚህ አጥር ቢጀምር ደስ ይለኛል። ተሳቢ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ጥርስንና መርዝን ነው። ባሕር ማዶ ባሉ የሐበሻ ቤቶች ደግሞ ይህ ፍርሃት በራሱ መንገድ ይታያል። ልጁ እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው። በትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ በመስታወት ሣጥን የሚኖር እንሽላሊት አይቷል፣ መዳፉ ላይ አስቀምጦታል፣ ወዶታል። ቤት መጥቶ "እባብ ግዙልኝ" ይላል። እናት "በስመአብ!" ብላ ታማትባለች። አባት ዝም ይላል። ልጁ ይለምናል፣ ያኮርፋል፣ እንደገና ይለምናል። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ይደረሳል፤ እባቡ ይቀራል፣ እንሽላሊቱም ይቀራል፣ ኤሊ ይገዛል። ኤሊ ምን ታደርጋለች? ጭምት ናት፣ ትንሽ ናት፣ ድምፅ እንኳ የላትም።

በአሜሪካ የሕዝብ ጤና ታሪክ ከቤት ተሳቢዎች ሁሉ ብዙ ልጅ በማሳመም የምትታወቀው ግን ይህችው ጭምት ኤሊ ናት። ወደ እሷ ከመሄዳችን በፊት ስለ ባክቴሪያው ጥቂት ላንሳ።

ሳልሞኔላ የሚለው ስም የተወሰደው ዳንኤል ኤልመር ሳልሞን ከተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። በ1885 ባክቴሪያውን ያገኘው በእሱ ሥር ይሠራ የነበረው ቴዎባልድ ስሚዝ ሲሆን ስሙ ግን የአለቃው ሆኖ ቀረ። እስካሁን ከ2,500 በላይ ዓይነቶች ተለይተዋል። ከእነዚህ አንዱን የአገራችን ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ የታይፎይድ ባክቴሪያ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ታይፎይድ የሚመጣው ከሰው ነው፤ ከኤሊም ከእባብም አይመጣም። ከተሳቢዎች የሚመጡት ሌሎቹ የሳልሞኔላ ዓይነቶች ናቸው። ወደ ሆድ ከገቡ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ቁርጠት ያስከትላሉ፤ ጤነኛ ጎልማሳ ከ4 እስከ 7 ቀን ተሠቃይቶ ይድናል። ጨቅላ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ሲሆን ግን ባክቴሪያው ከአንጀት አልፎ ወደ ደም ሊገባ፣ ከዚያም የአንጎልን ሽፋን ሊያጠቃ ይችላል።

በተሳቢ እንስሳ አንጀት ውስጥ ሳልሞኔላ ቤተኛ ነው። እንስሳው አይታመምበትም። ይበላል፣ ዓይኑ ንቁ ነው፣ ቆዳው ያምራል፤ እናንተም አይታችሁት ጤነኛ ነው ትላላችሁ፣ እውነትም ጤነኛ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ ሁልጊዜ አይወጣም። ዛሬ ከኩሱ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ ለሳምንታት ይጠፋል፤ እንስሳው ሲጓጓዝ፣ ሲጨነቅ፣ ሣጥኑ ሲቆሽሽ እንደገና ይመጣል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተመርምሮ "የለበትም" የተባለ እንስሳ በማግስቱ ሊኖርበት ይችላል። አንዳንድ አሳዳጊዎች እንስሳውን በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለማጽዳት ይሞክራሉ። ይህን አታድርጉ። ባክቴሪያው ከአንጀቱ አይነቀልም፤ የሚተርፈው መድኃኒቱን የለመደው ነው፣ ያ ደግሞ አንድ ቀን ልጃችሁን ቢያሳምም ሐኪሙ የሚሰጠው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል።

አሁን ወደ ኤሊዋ። በአሜሪካ የቤት እንስሳ ገበያ ለረጅም ጊዜ የነገሠችው ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት የውሃ ኤሊ ናት። በደቡቡ ክፍል፣ በተለይ በሉዊዚያና፣ በእርሻ ትራባለች። ከእንቁላል ስትወጣ የአንድ ብር ሳንቲም ታክላለች። ድንጋይዋ አረንጓዴ ነው፣ ሆዷ ላይ ቢጫና ጥቁር ነቁጥ አለባት፣ ስትዋኝ አራት እግሯን እያፈራረቀች ታርገበግባለች። ሰው ቢወዳት አይገርምም። የምትኖረው፣ የምትበላውና የምትጸዳዳው ግን በዚያው በአንድ ውሃ ውስጥ ነው፣ ውሃውም ለእሷ እንዲመች ለብ ያለ ነው። ለእሷ የሚመች ሙቀት ለባክቴሪያውም ይመቻል። ኤሊዋን ከውሃ ስታወጡ እግሯን፣ ሆዷንና ድንጋይዋን የሸፈነው ያ ውሃ አብሮ ይወጣል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በየዓመቱ ወደ 280,000 የሚደርሱ የሳልሞኔላ ሕመሞች ከእነዚህ ትንንሽ ኤሊዎች ጋር የተያያዙ እንደነበሩ ተገምቷል። መንግሥት መጀመሪያ ንግዱን ሳይዘጋ ነገሩን ሊያስተካክል ሞከረ፤ ኤሊዎቹ ከሳልሞኔላ ነፃ መሆናቸው ተመርምሮ የምስክር ወረቀት እንዲሰጣቸው አደረገ። የምስክር ወረቀት የያዙት ኤሊዎችም ልጆችን አሳመሙ። ምክንያቱን ከላይ አይተነዋል፤ ባክቴሪያው በምርመራው ቀን ተሰውሮ በሽያጩ ቀን ይወጣል። በ1975 የድንጋያቸው ርዝመት ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥ ተከለከለ። ልኩ የተመረጠው ትንሽ ልጅ አፉ ውስጥ ሊከታት የማይችላት ኤሊ እንድትሆን ታስቦ ነው። ሕጉ በየዓመቱ ወደ 100,000 የሚጠጉ ልጆችን ከሕመም እንዳዳነ ተገምቷል።

ሕጉ ዛሬም አለ፤ ትንንሾቹ ኤሊዎችም ዛሬም በመንገድ ዳርና በቅዳሜ ገበያ ይሸጣሉ። በ2007 ፍሎሪዳ ውስጥ የአራት ሳምንት ዕድሜ ያለው ጨቅላ በሳልሞኔላ ሞተ። በቤቱ ውስጥ የቤተሰብ ወዳጅ በስጦታ ያመጣት ትንሽ ኤሊ ነበረች። ከጨቅላው የተገኘው ባክቴሪያና ከኤሊዋ የተገኘው ባክቴሪያ በዘረመል ምርመራ አንድ ሆነው ተገኙ። የአራት ሳምንት ሕፃን ኤሊ አንስቶ አይጫወትም። ወደ እሱ የሚሄደው የሌላ ሰው እጅ ነው።

ይህ የአንድ ቤት ልዩ አጋጣሚ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በሳልሞኔላ የታመሙ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሲጠኑ 27 በመቶው ከተሳቢ እንስሳ ጋር ግንኙነት የነበራቸው ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ግማሾቹ ስድስት ወር እንኳ ያልዘለሉ ነበሩ። ገና የማይድሁ፣ ከእናት እቅፍ የማይወርዱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ለልጆች "እንሽላሊቱን እንዳትነኩ" ማለት ብቻውን አይበቃም። መጠየቅ ያለበት የትልልቆቹ እጅ የት እንደዋለ ነው።

አንድ ምሽት እናስብ። አባት ከሥራ ገብቷል። የኤሊዋ ውሃ ሸቷልና ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ወጥ ቤት ይወስደዋል፣ ውሃውን ሲንኩ ውስጥ ይደፋዋል። ውሃው ሲወርድ ጠብታው ይረጫል፤ ከጎን የታጠበ ሰላጣ በወንፊት ላይ እየጠፈፈ ነው፣ የሕፃኗ ጡጦ ተገልብጦ እየደረቀ ነው። የሣጥኑን ድንጋዮች በዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅ ያሻቸዋል። ኤሊዋን ለአፍታ ሲንኩ ውስጥ ያስቀምጣታል፣ እሷም ግድግዳውን ለመውጣት ትፍጨረጨራለች። ሲጨርስ እጁን በውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርጎ በወጥ ቤቱ ፎጣ ያደርቀዋል። ራት ቀርቧል። ቁጭ ብሎ እንጀራ ይቆርሳል፣ ትልቁን ልጅ ያጎርሳል። ሕፃኗ ስታለቅስ ተነሥቶ ጡጦዋን ያነሣል።

በዚህ ምሽት ከልጆቹ አንዳቸውም ኤሊዋን አልነኩም። ሲንኩ፣ ስፖንጁ፣ ፎጣውና የአባት እጅ ግን የዴንቨሩን አጥር ሆነዋል። ሳልሞኔላ ከእንስሳው ውጭ ወዲያው የሚሞት ባክቴሪያ አይደለም፤ ደርቆም ቢሆን በዕቃ ላይ ይቆያል፣ በእርጥብ ስፖንጅ ውስጥ ደግሞ ይራባል። በነጋታው እናት በዚያው ስፖንጅ ሳህን ታጥባለች።

እኛ ደግሞ በእጅ የምንበላ ሕዝብ ነን። በአንድ ትሪ ዙሪያ አምስት እጅ ይገናኛል፣ ጉርሻ ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው አፍ ይሄዳል። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፣ ማንም እንዲተወውም አልመክርም። ነገር ግን በሹካ በሚበላ ቤት ሳያሳምም ሊያልፍ የሚችል የንጽሕና ጉድለት በእኛ ገበታ ላይ ቀጥታ ወደ አፍ ይገባል። አያቶቻችን ለዚህ መልስ ነበራቸው። ገበታ ከመቅረቡ በፊት ከቤቱ ልጆች አንዱ ማስታጠቢያ ይዞ ይዞራል፣ ውሃ ያፈስሳል፣ እያንዳንዱ እንግዳ በሰው ፊት እጁን ይታጠባል። ማንም ሳይታጠብ ወደ ትሪው አይዘረጋም። ዛሬ አፓርታማ ውስጥ የቀረው ይህ ሥርዓት ተሳቢ ባለበት ቤት ተመልሶ ቢመጣ እንዴት ደስ ባለኝ፤ ከውሃው ጋር ሳሙና ይጨመርበት እንጂ። እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታሻል፤ በጣቶች መካከል፣ በጥፍር ሥር፣ እስከ አንጓ ድረስ። ሳኒታይዘር ውሃ በሌለበት ቦታ ይረዳል፤ ኩስ ወይም ጭቃ የነካውን እጅ ግን አያጸዳም።

የተሳቢው ዕቃ ወጥ ቤት ውስጥ አይግባ። ለእሱ የራሱ ባልዲ፣ የራሱ ብሩሽ፣ የራሱ ጓንት ይኑረው፣ እነዚህም ሌላ ሥራ አይሠሩ። ግቢ ካላችሁ ውጭ እጠቡ። ከሌላችሁ ባልዲ ውስጥ አጥባችሁ ቆሻሻውን ውሃ ሽንት ቤት ድፉት። የገላ መታጠቢያ ገንዳ ከመጠቀም ውጭ ምርጫ ያጣ ሰው ወዲያው በበረኪና ማጽዳት አለበት፤ ሕፃን የሚታጠብበት ገንዳ ከሆነ ግን በፍጹም አይደረግ። በረኪና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ኩሱና አተላው ሳይነሣ በረኪና ቢፈስበት በረኪናው ኃይሉን የሚጨርሰው በቆሻሻው ላይ ነው። መጀመሪያ ቆሻሻው ይጠረግ፣ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ በውሃ የተበረዘው በረኪና ይቀባና 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ በመጨረሻ ሽታው እስኪጠፋ በደንብ ይለቅለቅ። እንስሳው የሚመለሰው ሣጥኑ ከደረቀ በኋላ ነው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል።

ይህን ሥራ ትልቅ ሰው ይሥራው። የአሥር ዓመት ልጅ እንሽላሊቱን መመገብ፣ ውሃ መቀየር፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር መከታተል ይችላል፤ እንዲያውም ኃላፊነት ይማርበታል። ሣጥን ማጠብ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። እንስሳውን በእጁ ይዞ ሲጫወት ምንም ነገር አይብላ፣ ሲጨርስ ቀጥታ ወደ ሳሙናው ይሂድ። መሳም የለም። ልጅ የሚወደውን እንስሳ ሊስም ይፈልጋል፤ ይህን ሳትቆጡ፣ ምክንያቱን ነግራችሁ አስቀሩት። ኤሊዋ ሳሎን ምንጣፍ ላይ እንድትንሸራሸር አትልቀቋት፤ ነገ በዚያው ምንጣፍ ላይ ሕፃን ይድሃል።

ለእባብ የሚሰጠው ምግብም የራሱ ጣጣ አለው። የቤት እባቦች በብዛት የሚመገቡት የቀዘቀዘ አይጥ ነው። ብዙ ሰው ከበረዶ የወጣ ነገር ንጹሕ ይመስለዋል። ሳልሞኔላ በቅዝቃዜ አይሞትም፤ ይተኛል፣ ሲሞቅ ይነሣል። አይጡ ከሰው ምግብ ጋር በአንድ ፍሪዘር አይቀመጥ፣ በማይክሮዌቭ አይሙቅ፣ ለብቻው በተመደበ ዕቃ ውስጥ ይቅለጥ።

አገር ቤት ነገሩ ትንሽ ይለያል። በኢትዮጵያ እባብ ወይም እንሽላሊት በሣጥን የሚያሳድግ ሰው ብዙም አይታይም። የየብስ ኤሊ ግቢያቸው ውስጥ የምትዘዋወርባቸው ቤቶች ግን አሉ። ይህች ኤሊ፣ ድንጋይዋ እንደ ነብር ቆዳ ዝንጉርጉር የሆነችው፣ የአገራችን ተወላጅ ናት። ልጆች ጀርባዋ ላይ ጎመን ያስቀምጡላታል፣ ይገለብጧታል፣ ያነሷታል፤ ከዚያ እንጀራ ይጠራቸዋል። እስካሁን የተባለው የእጅ ነገር ሁሉ ለእሷም ይሠራል። ሌላም የምትሸከመው ነገር አለ፤ መዥገር። በ2000 የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ይህችን ኤሊና ሌሎች ሁለት የአፍሪካ የየብስ ኤሊ ዝርያዎችን ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ። ምክንያቱ በቆዳቸው እጥፋት ውስጥ ተደብቀው የሚሄዱት መዥገሮች ከብት፣ በግና ፍየል የሚገድል በሽታ ሊያስገቡ መቻላቸው ነበር። የሰው ጤናና የከብት ጤና በአንዲት ኤሊ ብብት ውስጥ እንዲህ ይገናኛሉ። የዱር ኤሊን ከመንገድ አንሥቶ ቤት ማምጣት ደግሞ በንጽሕና ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ሕግ መጣስ ነው፣ ኤሊዋም ከተወለደችበት ሜዳ ተነጥላ ዘር አትተካም።

ተሳቢ እንስሳትን እወዳለሁ፤ በደንብ የተያዘ እንሽላሊት ልጅን ትዕግሥትና ትዝብት ያስተምራል ብዬም አምናለሁ። ሆኖም ለሁሉም ቤት አይሆንም። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት፣ 65 ዓመት ያለፋቸው አያት የሚኖሩበት፣ የካንሰር ሕክምና የሚከታተል ወይም ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ያለበት ቤት ተሳቢ አያስገባ። ታናሽ እህት የተወለደችለት ልጅ ኤሊ ቢለምን "እህትህ አምስት ዓመት ሲሞላት" በሉት። ይከፋዋል፣ ግን ይጠብቃል። አስቀድሞ ኤሊ ያለበት ቤት ሕፃን ሊወለድ ከሆነ ደግሞ ለኤሊዋ ሌላ አሳዳጊ ፈልጉላት። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አትጣሏት፤ እዚያ ያሉትን እንስሳት ትጎዳለች።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ሊታመም ይችላል። ተቅማጥ ሲጀምር መጀመሪያ የሚፈራው ድርቀት ነው፤ ኦአርኤስ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ አጠጡ፣ የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን አያቋርጥ። ቤት የተረፈ ፀረ ባክቴሪያ አትስጡ፤ ጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም፣ አንዳንዴም ባክቴሪያው በሰውነት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝመዋል። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ ልጁ ከደከመና ሽንቱ ከቀነሰ ግን ቶሎ ወደ ሐኪም ሂዱ። ትኩሳት የያዘው የጥቂት ወራት ሕፃን ከሆነማ አንድ ሌሊትም አታሳድሩት።

እዚያ ስትደርሱ ሐኪሙ ስለ ምግብ ይጠይቃችኋል፤ ዶሮ በልቷል ወይ፣ እንቁላል በልቷል ወይ፣ ውሃው ከየት ነው ይላል። ስለ ኤሊ ላይጠይቅ ይችላል። ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፤ ቤታችን ተሳቢ እንስሳ አለ በሉት። ልጁ ነክቷት የማያውቅ ቢሆንም ንገሩት።